«ቻል ያድርጉት» ማደንዘዣ አይደለም

አክስቴ ሁለተኛ ኢንዶስኮፒ ታዞላት አልሄደችም። የጨጓራዋ ቁስል መዳኑ መታየት ነበረበት። የመጀመሪያው ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ የሚነከስ ፕላስቲክ አደረጉላት፣ ጉሮሮዋ ላይ ማደንዘዣ ሁለቴ ረጩና ገና ሳይደነዝዝ ቱቦውን አስገቡት። ትናጥ ጀመር። እንባዋና ለሃጯ ትራሱን እያራሰው «ቻል ያድርጉት እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ነው» አሏት። እጇን የያዛት ሰው ነበር፤ የያዛት ግን ቱቦውን እንዳትመዝዘው ነው።

«የእኛ ሰው ቻይ ነው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የጣት ያህል የወፈረ ቱቦ በጉሮሮው የሚወርድ ሰው ምን ምርጫ ኖሮት ነው የሚችለው? በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም ኩስማውል የሰው ጨጓራ ውስጥ ለማየት ሲነሳ ቀጥ ያለውን የብረት ቱቦ የሚውጥለት ሰይፍ መዋጥ የለመደ ትርኢተኛ ፈልጎ ነበር። ቱቦው ዛሬ ተጣጣፊ ሆኗል፤ ታካሚው ግን አሁንም ሰይፍ ዋጭ እንዲሆን እየተጠበቀ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አለ። ሚዳዞላም በደም ሥር ሲሰጥ ታካሚውን ያረጋጋዋል፣ ብዙ ጊዜም የሆነውን ያስረሳዋል። እንግሊዝ አገር ታካሚው ጉሮሮ ላይ የሚረጨው ብቻ ይበቃው ወይም የሚያረጋጋው መርፌ ይሰጠው እንደሆነ ይጠየቃል።

መርፌው ትንፋሽን ሊያዳክም እንደሚችል አውቃለሁ። የኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክስጅን፣ ማርከሻው ፍሉማዜኒልና ትንፋሹን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው በሌለበት «አልሰጥም» የሚል ሐኪም ልክ ነው፤ ይህንኑ ለታካሚው ይንገረው። የምቃወመው ሁሉም በተሟላበት ክፍል ታካሚው ሳይጠየቅ መታለፉን ነው። መርፌ የወሰደ ሰው እስኪነቃ አልጋ ይይዛል፣ ያልወሰደው ተነስቶ ይሄዳል፤ ወረፋውም ይቃለላል። ታዲያ ወረፋውን የምናቃልለው በታካሚው ስቃይ መሆኑን በግልጽ እንናገር። የሚረጨው መድኃኒት እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ መታገሥስ ምን ያስወጣል?

ጉዳቱ በአምስቱ ደቂቃ አያበቃም። የሚናጥ ሰው ጨጓራ በችኮላ ይታያል፤ ትንሽ ቁስል ሊያመልጥ ይችላል። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብዛት በሚታይባቸው አርሲና ባሌ ምርመራውን ፈርቶ የቀረ ሰው የሚመጣው እንጀራ አልወርድ ሲለው ነው። በጉበት በሽታ የጉሮሮ ቧንቧው ደም ሥር ያበጠበትም ደም ሥሩን ለማሳሰር ደጋግሞ መመለስ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያስለቀስነው በምን ልቡ ይመለሳል?

ቀጠሮ ያላችሁ፣ ከቀኑ በፊት ደውላችሁ «የሚያረጋጋ መርፌ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሏችሁ አስታማሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚያ ቀን መኪና አትንዱ። የለም ካሏችሁ ጉሮሯችሁ ሳይደነዝዝ ቱቦው እንዳይገባ አስቀድማችሁ ተናገሩ።