«ትኩሱን ጠጪ፣ ለልጁ ነው!»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የቡራዩ ልጅ ናት። ካገባች ዓመት አልሞላትም፤ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የተከራዩበት ግቢ ባለቤት ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው። ጠዋት ጠዋት እትዬ አሁን የታለበውን ወተት፣ አረፋው ሳይጠፋ፣ በኩባያ ይዘው በሯን ያንኳኳሉ። «ትኩሱን ጠጪ፣ ለልጁ ነው» ይሉና እስክትጨርስ ቆመው ይጠብቃሉ። «ብጠጣው እፈራለሁ፣ ባልጠጣው ይቀየሙኛል፤ ዶክተር፣ ምን ይሻለኛል?» ትለኛለች።

እትዬን የሚወቅስ አንጀት የለኝም። በዚህ የወተት ዋጋ ለተከራይ በነፃ ወተት የምታቀርብ አከራይ ከየት ይገኛል? ግን እህቴ፣ ጥሬውን አትጠጪ። አንድ ኩባያም ቢሆን!

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ ቡራዩም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ከጥንትም ለአዲስ አበባ ወተት አቅራቢ ናቸው። በመዲናዋ ዙሪያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከብቶች ከመቶ ወደ 30 በሚሆኑት ላይ የከብት ቲቢ ምልክት አግኝቷል። በሽታው ያለባት ላም ደግሞ ወፍራም፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ ጥሩ የምትታለብ ልትሆን ትችላለች። «የኔ ላም ጤነኛ ናት» የሚባለው በዓይን ታይቶ ነው፤ ቲቢ በዓይን አይታይም።

እውነቱን ለመናገር፣ በአገራችን ሰው ላይ የሚገኘው ቲቢ፣ የአንገት እጢውም ጭምር፣ አብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ እንጂ ከላም የመጣ አይደለም። ስለዚህ ወተት የጠጣ ሁሉ ታመመ ብዬ አላስደነግጣችሁም። ግን ከላም የመጣው ሲያጋጥም ፒራዚናማይድ የሚባለው የተለመደ የቲቢ መድኃኒት አይሠራለትም። ከላም ጋር አንድ ቤት የሚያድሩ ጠባቂዎች ደግሞ በትንፋሽም ሊይዛቸው ይችላል።

ነፍሰ ጡሯን በተመለከተ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ሌሎች ሁለት ጀርሞች ናቸው፤ ብሩሴላና ሊስቴሪያ። ሁለቱም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ብሩሴላ ላሟንም ያስጨነግፋታል። የተጨነገፈ ጥጃ በባዶ እጅ መንካትም ሌላ አደጋ ነው። ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ አታላይ ነው፦ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። በሽተኛው «ታይፎይድ ነው» እየተባለ ኪኒን ሲውጥ ወራት ያልፋሉ። ትኩሳት አልለቅ ካላችሁ ለሐኪማችሁ «ጥሬ ወተት እጠጣለሁ» በሉት። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ሊቀር ይችላልና።

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማልታ ደሴት የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በዚሁ ትኩሳት ለዓመታት ተሰቃይተዋል። ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርሙን አገኘው፤ መነሻው የፍየል ወተት መሆኑ የታወቀው ግን በ1905 ነበር። በማግስቱ ዓመት ወታደሮቹ ያንን ወተት ተከለከሉ፤ በሽታውም ከሰፈሩ ጠፋ ማለት ይቻላል። ክትባት የለ፣ መርፌ የለ!

አሁን ወደ ማፍላቱ። ፋብሪካ ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያሞቀዋል፤ ይኼው ይበቃል። እኛ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ውኃ የሚፈላልን በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ታዲያ የሱሉልታ ብርድ ላይ የፈላ ወተት ምን ያደርጋል?» ያለኝ ጎረምሳ ነበር። ያደርጋል፤ ከሚፈለገው በላይ ነው። ብቻ አረፋው ገና ሽቅብ ሲል ደንግጣችሁ አታውጡት። እሳቱን ቀንሱ፣ አማስሉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያ ከድናችሁ አቀዝቅዙ።

«ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የምትሉ የጂም ልጆች፣ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም እዚያው ነው፤ የሚቀንሰው ጥቂት ቫይታሚን ነው። ጥሬ እንቁላል የምትጨምሩበት ደግሞ... እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

እርጎስ? መኮምጠጡ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ዕቃውን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን የእናቶቻችን ብልሃት ነው፤ ያግዛል፣ ግን ማፍላትን አይተካም። ወተቱን አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በጥሩ እርጎ ብታረጉት ምን ይጎድልበታል? የላስቲክ ወተት የምትገዙም መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከዋለ ማፍላቱን እንዳትንቁ። በሃይላንድ ጠርሙስ የምትቀዱ ደግሞ እጃችሁ የማይገባበትን አንገቱን በምን እንደምታጥቡት ንገሩኝ እስቲ! አፈ ሰፊ ዕቃ ያዙ።

እትዬን እንዴት ታደርጊያቸዋለሽ? ኩባያውን በሁለት እጅሽ ተቀበዪና «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሐኪሜ ሳላፈላ እንዳልጠጣ አዞኛል» በያቸው። ጥፋቱን እኔ ላይ ጣዪው፤ ትከሻዬ ይችላል። ከተቀየሙ እዚያው ፊታቸው አፍዪና አብራችሁ ጠጡ። እስካሁን የጠጣሽው ስለሚያሳስብሽ፣ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ንገሪያቸው፤ ትኩሳት ካለሽ ግን ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሂጂ።