ድልድዩን መንፈስ አልሰበረውም

«የእሳት እራት ሰው ትንቢት» (ሞዝማን ፕሮፌሲስ) የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ያወደሱልን ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው። «ያስፈራል፣ እንቅልፍ ይነሳል» አሉን። አየነው። እንቅልፍስ ነስቶናል፤ ግን በፍርሃት አይደለም፣ በንዴት ነው።

ፊልሙ በ2002 የወጣ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እንቆጥራለን)። ሪቻርድ ጊር የሚጫወተው ጋዜጠኛ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ከመሞቷ በፊት ክንፍ ያለው ጥቁር ፍጡር ስትስል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ሌሊት መኪና ሲነዳ፣ እንዴት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ፖይንት ፕሌዛንት ከምትባል የዌስት ቨርጂንያ ትንሽ ከተማ ራሱን ያገኘዋል። የከተማዋ ሰዎችም ያንኑ ፍጡር አየን ይላሉ። ስልክ ይጮኻል፣ ድምፅ ይተነብያል። ከነዋሪዎቹ አንዱ ስልክ ደውሎ ያነጋግረዋል፤ ጋዜጠኛው ሮጦ ቢሄድ ሰውየው በብርድ ደርቆ ተገኘ፣ ከሞተም ብዙ ሰዓት ሆኖታል። አሁን መጣ! አልን። ማን ደወለ? ምንስ ገደለው? አስከሬኑ አለ፣ ፖሊሷ አለች፣ መርማሪው አለ። ምርመራው ግን ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። አንድ ሊቅ ተብዬ ዘንድ ይኬድና፣ እኛ ለበረሮ ራሳችንን እንደማናስረዳ ሁሉ እነዚህ ፍጡራንም ለእኛ አያስረዱንም ይባላል። በቃ! ተመልካቹ በበረሮ ተመስሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የካሜራውንና የድምፁን ጥበብ አንነፍገውም። መጨረሻ ላይ ድልድዩ ሲፈርስ የተነሣው ትዕይንትም እጅ ያስጭናል። ያናደደንም ከዚያው ላይ ነው። ድልድዩ እኮ እውነተኛ ድልድይ ነው! ፊልሙ የወደቀበት ምክንያት በትክክል ሳይታወቅ እንደ ቀረ ጽፎ ይሰናበተናል። ሟቾቹንም 36 ያደርጋቸዋል።

ሟቾቹ 46 ናቸው። አሥሩን ሰው የት አደረሳቸው? በ1928 የተሠራው ሲልቨር ብሪጅ የወደቀው ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 ሲሆን፣ ጊዜው ሰው ከሥራ የሚመለስበት፣ መኪና በመኪና ላይ የሚደረደርበት ሰዓት ነበር። መርማሪዎቹ ብረቱን ከኦሃዮ ወንዝ እየጎተቱ አወጡ፤ መሬት ላይ ዘርግተው ቁራጭ በቁራጭ አገጣጠሙት። ገዳዩንም አገኙት፤ ድልድዩን ከተሸከመው ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ካለው ቀዳዳ አጠገብ ተሰንጥቆ ነበር። የስንጥቁ ጥልቀት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ዝገትና ጭነት ለዓመታት ተባብረው ያሳደጉት ስንጥቅ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ስለ ተሸሸገ ሳይፈታ በዓይን አይታይም። ሰንሰለቱም በየመገናኛው ጥንድ ዘንግ ብቻ ስለ ነበረው፣ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ብቻውን ሊችል አልቻለም። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካ ድልድዮቿ በየጊዜው እንዲመረመሩ በሕግ ደነገገች። እስቲ ፍረዱ! ከዚህ የበለጠ የምሥጢር ታሪክ ከየት ይመጣል? አርባ ስድስት ሰው የገደለች፣ ከጥፍር የማትሰፋ ስንጥቅ! ዲሬክተሩ ይህን ትቶ ክንፍ ቀጠለበት።

«ፊልም ነው፣ ምን አንጨረጨራችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ከመካከላችን ከአብርሃ ጅራ የመጣን አለንና ያንጨረጨረንን እንናገር። በምዕራብ አርማጭሆ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋ ለሥራ የሚወርደው ወጣት ስፍር ቁጥር የለውም። ቀን ሲያጭድ ይውላል፣ ሌሊት ግራር ሥር ሜዳ ላይ ይተኛል። ከዚያ ቀዬው ከገባ በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ይመነምናል፣ ሆዱ በጣፊያ ያብጣል፣ ይሞታል። ምን ገደለው? «መጋኛ መታው»፣ «ቡዳ በላው»፣ «ቆላ ለክፎት ነው»። ገዳዩ ግን ካላዛር ነው፤ ዋልካው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ የምትራባ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ንክሻ የምታስተላልፈው ተውሳክ። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ይድናል። አብዱራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ሲያክሙት የቆዩት በሽታ ይኸው ነው።

ሊቦ ከምከም ላይ የሆነውማ ራሱ ፊልም ነው። ካላዛር ይኖራል ተብሎ ባልታሰበበት ደጋ ሰው በትኩሳት አለቀ። ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ አልበጀም። መድኃኒቱን የለመደ ወባ ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረ። በ2005 ላቦራቶሪ ሲገባ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይገመታል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጥርጣሬ አለ፣ ስሕተት አለ፣ ፍለጋ አለ፣ ጊዜ እየሄደ ሰው ይሞታል። ክንፍ ያለው ነገር ከተፈለገም ዝንቧ አለች።

የመንፈስ ታሪክ ጠላን ማለት አይደለም። አያቶቻችን በቡዳ ወሬ አስፈራርተው አሳድገውናል፤ ወሬያቸው ግን ሕግ አለው። ታማሚው በጭስ ይታጠናል፣ ይለፈልፋል፣ «የበላኝ እገሌ ነው» ይላል። ከሆሊውዱ የሚሻለው መልስ በመስጠቱ ነው፤ ክፋቱም እዚያው ላይ ነው፣ እገሌ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ምንም ያላደረገ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ነውና። ስንት የእጅ ባለሙያ በዚህ ስም ከጎረቤት ተገልሎ ኖረ! ትኩሳቱ የማን እንደሆነ ሳይመረመር መንፈስ ሲጠራ ዕዳውን የሚከፍል አንድ ድሃ አይጠፋም።

ለመጪው እትማችን ሦስት የመንፈስ ታሪኮች ደርሰውናል፤ ሦስቱም በአስከሬን ጀምረው በጥላ ያልቃሉ። ሁለቱን ለደራሲዎቻቸው መልሰናል። ሦስተኛው ጥሩ ጅምር አለው፤ ሟቹ ከቆላ የተመለሰ የሰሊጥ አጫጅ ነው። ደራሲው ጤና ጣቢያ ወስዶ ጣፊያውን አስነክቶ ቢያመጣልን ገጽ ይዘንለታል።