ለከፋን ጥበብ ያሰኘው ማን ነው?

በየሥነ ጽሑፉ ምሽትና በየሻይ ቤቱ እየተመላለሰ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። «ለከፋ የከተማው ሥነ ቃል ነው» ይላል። በየታክሲው የተለጠፉ ጥቅሶች ተሰብስበው እንደሚታተሙ ሁሉ፣ በመንገድ ዳር የቆሙ ወጣቶች በምታልፈው ሴት ላይ የሚወረውሩትም ቃል ሊመዘገብና ሊመረመር የሚገባው የሕዝብ ፈጠራ ነው ይባላል፤ ቤት ይመታልና፣ በቅጽበት ይፈለሰፋልና፣ ሰሚን ያስቃልና። ከዚህም አልፈው «ሴት ልጅ የሚከፋት ስትለከፍ ሳይሆን የሚለክፋት ስታጣ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚናገሩት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩን ለመምህራንና ለወላጆች በተውነው ነበር። ነገር ግን ከተናጋሪዎቹ መካከል ብዕር የጨበጡ፣ መድረክ ላይ የሚቆሙ፣ ዜማ የሚደርሱ ሰዎች አሉበት። ስለዚህ መልሱም በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንጠይቀው። «ለከፈ» ሲወለድ የጨዋታ ቃል አልነበረም። ያበደ ውሻ ይለክፋል፤ ዛር ይለክፋል፤ ከዚያው ግንድ የበቀለው «ልክፍት» የሚለው ስምም የደዌና የመንፈስ ጥቃት ስም ነው። የተለከፈ ሰው ወደ ጠበል ይወሰዳል እንጂ «እንኳን ደስ ያለህ» አይባልም። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ የመንገድ ላይ ድርጊት ስም ሲያወጣ፣ ከውሻ ንክሻና ከዛር ጎራ መርጦ ማውጣቱ በከንቱ አይደለም። ቋንቋው እውነቱን ይዟል፤ የሚቀልደው ተናጋሪው ነው።

ሌላም ቃል አለ። ወንዱ «ደፋር» ሲባል ሙገሳ ነው፤ ሴቲቱ «ተደፈረች» ሲባል ግን ወንጀል ተፈጽሞባታል። ሙገሳውና ወንጀሉ ከአንድ ሥር ይመዘዛሉ። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» የሚለውን ርዕስ ሲይዝ ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሟል። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በገጠር የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፣ ለማምለጥም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የፊልሙ ነገር ሲነሣ ስለ ተኩሱና ስለ ችሎቱ ብዙ ይወራል። መንገዱን ግን አንርሳው። ልጅቱ የምትሄደው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ነበር፤ በየቀኑ የምትመላለስበት ጎዳና ነበር።

«ይህ ጠለፋ ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ አንዲት የጨዋታ ቃል ነው፤ ምን አገናኘው?» የሚለን ይኖራል። የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ቃሉን የወረወረው ወጣት ቃሉ ቃል ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። የተወረወረባት ሴት ግን አታውቅም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ቤቷ ለመሄድ ታክሲ ተሳፈረች፤ በውስጡ የነበሩት ሰዎች አግተው ለቀናት አሠቃዩዋት፤ ከተገኘችም በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያን ጊዜ መላው ከተማ አዘነ፤ ብዙ ሰውም ቁጣውን በአደባባይ ገለጸ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ ማታ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት በሩ ተከፍቶ «ግቢ፣ ቆንጆ» ስትባል የምትሰማው የረዳቱን ቀልድ ብቻ ነውን? ጎንበስ ብላ አስቀድማ ውስጡን ታያለች፤ ሌላ ሴት መኖር አለመኖሯን ታጣራለች፤ ከሌለች «ሌላ እጠብቃለሁ» ብላ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ወንድ ተሳፋሪ ግን በኪሱ ስላለው ስልክ ካልሆነ በቀር ምን የሚያጣራው ነገር አለ?

ሴቶች ይህን ዕውቀት ያከማቹት ከመጽሐፍ አይደለም። ያላገባችው ቀለበት ታጠልቃለች። ማንም ያልደወለላት ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ «ደርሻለሁ፣ ወንድሜ፣ ብቅ በል» እያለች ለባዶ ትናገራለች። ሰዎች ከተሰበሰቡበት ሱቅ በረንዳ ሃምሳ ርምጃ ሲቀራት መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው ዳር ትሄዳለች፤ እዚያም ሌሎች ቆመው ታገኛለች። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ መርፌ ቁልፍ በእጇ ጨብጣ የምትቆም አለች፤ ከኋላዋ የሚጠጋውን ለመመከት ሌላ መሣሪያ የላትምና። አጭር ቀሚስ ስለ ለበሰች ነው የሚለው ሰበብ ደግሞ ጨርሶ የማይረባ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ከቅዳሴ የምትመለሰውም ትለከፋለች፤ ሂጃብ የለበሰችውም ትለከፋለች፤ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሰችውም ሕፃን ትለከፋለች። ልብስን መርምሮ የሚለክፍ ላካፊ እስካሁን አልታየም።

አሁን ወደ ጥበቡ እንመለስ። የለከፋ ጠበቆች አዘውትረው የሚጠቅሱት የጥምቀትን ሎሚ ነው። ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ ይወረውር ነበር፤ ያም ያማረ ልማድ ነበር፤ ለከፋም የዚያ የከተማ ልጅ ነው ይላሉ። ልማዱን በቅጡ የተመለከተ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የሎሚው ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ልጃገረዷ ከጓደኞቿ ጋር፣ አምራና ተውባ፣ ምን እንደሚጠብቃት አውቃ ትወጣለች። እናትና አባት፣ ጎረቤትና ካህን ባሉበት ነው። ሎሚውን ብታነሣው አንድ ነገር ነው፤ መሬት ላይ ትታው ብትሄድ ነገሩ እዚያው አለቀ። በማግስቱ ከውኃ ስትመለስ በየጥጉ ሎሚ የሚወረውርባት የለም። (ይህን ስንል ያን ዘመን ገነት ማድረጋችን አይደለም፤ ሎሚ ይወረወርበት የነበረው አገር ልጃገረድም ይጠለፍበት ነበር።) በነሐሴ አጋማሽ የዋግ ልጃገረዶች ለሻደይ፣ የላስታዎቹም ለአሸንድዬ ቄጠማውን በወገባቸው አስረው ሲወጡ ደግሞ የሚዘፍኑት እነርሱ ናቸው። መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ፤ ግጥሙን የሚያወርዱት እነርሱ፣ የሚሰማው ሌላው ነው። ባህላችንን እንጥቀስ ከተባለ ይህም ባህላችን ነው።

አዝማሪ ቤትንም እንውሰድ። አዝማሪው የገባውን ሁሉ ይነካል፤ ባለጌ ነገርም አይቀረውም። ይሁን እንጂ እንግዳው ወዶና ፈቅዶ የገባ ነው፤ ሲሰደብ መልሶ ግጥም ይሰጣል፤ ሲሰለቸው ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ጥበብ ሰሚው መልስ መስጠትና መሄድ የሚችልበት ነገር ነው። ለከፋ ግን የሚኖረው ሰሚዋ መልስ ስለማትሰጥና መሄጃ ስለሌላት ብቻ ነው። ማስረጃ ያሻው ሰው ሴቲቱ ዝም ብላ ካለፈች በኋላ ያለውን አንድ አፍታ ያዳምጥ። «የኔ ማር» የተባለችው «ምን ያኮራታል፣ ፉንጋ!» ትባላለች። መልስ ከሰጠችማ የባሰ ነው፤ ስድቡ እናቷ ድረስ ይደርሳል። በአሥር ርምጃ ውስጥ ወደ ስድብ የሚለወጥ ሙገሳ መጀመሪያውኑ ለእርሷ የተነገረ አልነበረም። የተነገረው በጎኑ ለቆሙት ጓደኞቹ ነው። እነርሱ ይስቁለታል፤ ዋጋውን እርሷ ትከፍላለች።

ደራስያንና አርቲስቶች ከደሙ ንጹሕ ነን ሊሉ አይችሉም። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተሠሩት የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞቻችን ስንቶቹ ናቸው ጀግናው ልጅቱን መንገድ ላይ አይቶ፣ ተከትሎ፣ ቤቷን አውቆ፣ እምቢ ስትለው እየተመላለሰ፣ በመጨረሻም «ልቧን አሸንፎ» የሚያገባባቸው? በስንት የዘፈን ቪዲዮ ውስጥ ነው ዘፋኙ የምትራመደውን ሴት መንገድ ዘግቶ የሚጨፍረው? በሠርግ የሚያልቅ ስለሆነ መነሻው ሁሉ ይቅር ይባላል። ይህ የአስተሳሰብ ስልት ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ያ ድንጋጌ ቀርቶ፣ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው በግልጽ የተጻፈው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ የተወውን የፊልም ጽሑፋችን ግን አሁንም ይዞታል፤ ሠርጉ መጥቶ ጥፋቱን ያጥባል።

ከዚህ ይልቅ የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን አስተዋይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትነሣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ደራሲው ስለ ሴቶች መብት ሊከራከር አልተነሣም። ግን አንዲት ልጃገረድ በአገሯ መንገድ ላይ ሴት ሆና መሄድ እንደማትችል ስለሚያውቅ፣ ታሪኩ እንዲራመድለት ልብሷን ለወጠላት። ከመቶ አሥር ዓመት በላይ አልፏል። የዛሬዋ ጦቢያ ሱሪዋን ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ የወንድሟን ጃኬት ደርባ ከማታ ትምህርት ስትመለስ ምን የተለየ ነገር ታደርጋለች?

የማታ ትምህርትን ያነሣነው ሆን ብለን ነው። ለከፋ ሁሉንም ሴት እኩል አያገኝም። መኪና ያላት መስተዋቷን ዘግታ ታልፋለች። የሚያገኘው እግረኛዋን ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ አትክልት ለማምጣት የምትወጣውን ባለጉልት፣ ከሰው ቤት ሥራ ጨርሳ የምትማረውን ሠራተኛ፣ የምሽት ፈረቃ ወጥታ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትጓዘውን የፋብሪካ ልጅ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ምሽት ላይ ከሥራ ወጥተው በጨለማ መንገድ ሲጓዙ ስለሚደርስባቸው ጥቃት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አዋጁ ሠራተኛዋን እስከ ፋብሪካው በር ሸኝቷት ይመለሳል። ከበሩ ወዲያ ያለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ነው፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወር ነጻነት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ ለባለጉልቷ ያነበበላት ሰው ቢኖር በስንት ሰዓት እንደሚሠራ ትጠይቀው ነበር።

«ታዲያ ለምን አመሸሽ?» የሚለው ወላጅ ክፉ አስቦ አይደለም። ሆኖም ጥያቄው የሚደርሰው ሁልጊዜ ለእርሷ ነው። «አንተስ እዚያ ጥግ ማታ ማታ ለምን ትቆማለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ወንድ ልጅ ስንት አለ? ወንድ በችሎት ሴት በማጀት የሚለውን የድሮ አባባል ዛሬ በአደባባይ የሚደግመው ጥቂት ነው፤ በተግባር ግን ልጅቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማጀት እንድትመለስ ተደርጋለች። ትምህርቷን አቋርጣ፣ የተሻለውን ሥራ ትታ፣ የጓደኛዋን ምርቃት ሳትታደም። ይህ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ ላይ «በለከፋ ምክንያት» ተብሎ አይጻፍም።

ሴቶቹ ደራስያኑን አልጠበቁም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን በ2003 ዓ.ም. የሎው ሙቭመንትን ጀምረው ነገሩን በግቢያቸው አደባባይ አውጥተው ተናግረውታል። የኪነ ጥበቡ ሰፈር ግን ገና ከሥነ ቃል ነው አይደለም ክርክር አልወጣም። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የፊልም ጽሑፍ የሚገመግም ሰው «ልጅቱ እምቢ ካለች በኋላ ይህ ሰው በሯ ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ሥነ ቃል ሰብሳቢውም ለከፋን የግድ መመዝገብ ካማረው ይመዝግብ፤ ግን ከተናጋሪው ቃል ጎን ሰሚዋ ያለችውንና ያደረገችውን አብሮ ይጻፍ፤ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ስንት ሆነው እንደቆሙ፣ መብራት መኖር አለመኖሩንም ይጨምር። ያን ጊዜ የሰበሰበው ነገር ግጥም መሆኑንና አለመሆኑን ራሱ ያነበዋል።

የግጥም ምሽት አዘጋጆችንም አንድ ነገር እንለምናቸው፤ ፕሮግራሙን ቀደም አድርጋችሁ ጀምሩት። ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ገና ዋናዎቹ ገጣሚያን ሳይወጡ፣ ከመካከለኛው ረድፍ ቦርሳቸውን አንሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ይቅርታ እየጠየቁ የሚወጡት ሴቶች ናቸው። መድረክ ላይ ያለው ገጣሚ ግጥሙ አሰልችቷቸው ይመስለዋል። እነርሱ ግን የሚያሰሉት የመጨረሻውን ታክሲ ነው።