የጾም ጎመንና ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት

ትክል ድንጋዮቿ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡላት ጥያ በምትገኝበት በሶዶ ምድር፣ መጋቢት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ሲደርስ ብዙ ምእመናን ወደ ምድረ ከብድ ገዳም ይጓዛሉ። ዕለቱ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ የሚውል ስለ ሆነ፣ በየቤቱ ክትፎውና አይቡ ተነሥቶ ጎመን ከቆጮ ጋር ማዕዱን ይይዛል። በዚህ ወራት በተለይ ልናስብላቸው የሚገቡ ወገኖች አሉ፤ እነርሱም የልባቸው በር፣ ማለት ቫልቭ፣ ተበላሽቶ በሰው ሠራሽ በር የተተካላቸውና ዋርፋሪን የተባለውን ኪኒን ዕድሜ ልካቸውን የሚውጡ ናቸው።

በአገራችን የብዙ ወጣቶች የልብ በር የሚበላሸው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ ነው። የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የጉሮሮውን ተሕዋስ ሲወጉ፣ አንዳንድ ጊዜ የልብን ሥጋ ጠላት መስሏቸው አብረው ያቆስሉታል። እንዲህ ያሉትን ልጆች ለመርዳት ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሠረቱ። ሰው ሠራሹ በር ሕይወትን ያድናል፤ ነገር ግን ለደም ባዕድ ነውና ደም ይረጋበታል። የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውን ሽባ ያደርጋል።

ደም በቁስል ላይ የሚረጋው እንደ ክር ያለ መረብ በመዘርጋት ነው። መረቡ የደሙን መፍሰስ ያቆማል፤ ተሕዋስንም ይይዛል፤ ነጭ ሕዋሳትም በዚያ ተሰብስበው ይዋጉበታል። መረቡ የሚሠራባቸውን ንጥረ ነገሮች ጉበት የሚያዘጋጀው በቫይታሚን ኬ ረዳትነት ነው። ዋርፋሪን ይህን ረዳት ስለሚያግድ ደም በቶሎ አይረጋም። ሰዎች «ደም ማቅጠኛ» ቢሉትም ደሙን እንደ ውኃ አያቀጥነውም፤ ነጭ ሕዋሳትንም አይገድልም። ስለዚህ «የሰውነትን ኃይል ይጨርሳል» ብሎ ኪኒኑን ማቋረጥ ታላቅ ስሕተት ነው። በሆስፒታል በመርፌ የሚሰጠው ሄፓሪን ግን ጠባዩ ይለያል፤ ወዲያው ይሠራል፣ የነጭ ሕዋሳትንም ቁጣ በመጠኑ ያበርዳል። በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ የሰውነት መከላከያ በመድኃኒቱ ምክንያት ተነሥቶ ደምን ያረጋል፤ ሐኪሞች በሕክምናው ጊዜ የደም አርጊ ሕዋሳትን ቍጥር የሚከታተሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ጎመን በቫይታሚን ኬ እጅግ የበለጸገ ነው። ታማሚው በጾም ጎመን ሲያበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል፤ ደምም ሊረጋ ይችላል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ በድንገት ሲቀንስ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታል፤ የደም መፍሰስም ያሰጋል። ይህን ስንል ጎመን ይከልከል ማለታችን አይደለም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑ አንድ ይሁን ማለታችን ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪም መንገር፣ ከገባም በኋላ ከወጣም በኋላ ደሙን ማስመርመር ይገባል። ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለ ሆነ ማታ ቢዋጥ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። ጾሙ ለሕመምተኛው የከበደ እንደ ሆነ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን እናት ናትና ለልጆቿ ድካም ትራራለች።

ወደ ጠበል የምትሄዱም ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉን በእምነት መጠመቅ መድኃኒቱን መጣል አይደለም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። ዋግምት ግን ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው፤ ደማቸው በቀላሉ አይቆምምና። ሐኪም ሳይጠየቅ የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም ሆነ የሥር መድኃኒት አይጨመር። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ በገዛ ራሷ ግን አታቋርጠው።

እናቶች ሆይ! የቤቱ ማዕድ በእጃችሁ ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ጎመኑን ስትጨልፉለት የትናንቱን መጠን አስቡ። ይህችም ትንሽ ጥንቃቄ ልጁን በሕይወት ለትንሣኤው በዓል ታደርስላችኋለች።