ስለ ቀሚስ ዐንገትና ስለ ሰያፍ ጥብጣብ

በጉለሌ፤ ከእንጦጦ ግርጌ፤ በሽሮ ሜዳ ገበያ የሐበሻ ቀሚስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ጥለቱን ነው። እኛ ግን ቀሚሱን ገልብጠን ዐንገቱን እናያለን፤ ሸማ ቶሎ የሚጐዳው በዚያ ነውና። ድሩ የፋብሪካ ክር፤ ማጉ ብዙ ጊዜ በእጅ የተፈተለ ለስላሳ ጥጥ ስለ ሆነ፤ በመቀስ የተቈረጠው ጫፍ ካልተለበጠ ከጥቂት አጠባ በኋላ ይተረተራል። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ቀን ሙሉ ጕድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የደከሙበት ልብስ በአንድ ዐንገት ምክንያት መበላሸቱ ያሳዝናል።

እኛም አንድ ጊዜ ለእኅታችን የጥምቀት ቀሚስ ስንሰፋ፤ ጨርቅ እንቈጥባለን ብለን የዐንገቱን ጥብጣብ በድሩ መስመር ቀጥ አድርገን ቈረጥነው። ዐንገቱ ዙሪያውን ተጨማደደ፤ እርስዋም በዓሉን በነጠላ ሸፍና ዋለች። ጥፋቱ የመርፌው አልነበረም። በድር ወይም በማግ መስመር የተቈረጠ ጥብጣብ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ክብ የሆነውንም ዐንገት አይከተልም። በሰያፍ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን፤ ክሮቹ እርስ በርሳቸው እየዘመሙ ስለሚለቁለት፤ እንደ ዙሪያው ይጐብጣል።

አሠራሩም ይህ ነው። እያንዳንዱ ጐኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ታጥቦ ይተኰስ። አንዱ ማዕዘን ፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን ሲታጠፍ እጥፉ ሰያፉን ያሳያል፤ ርዝመቱም 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ መስመር ጀምሮ በደረቅ ሳሙና እያሠመሩ በ4 ሳንቲ ሜትር ስፋት መቍረጥ ነው። ዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ለማይሞላ ዐንገት ረጅሙ ጥብጣብ ብቻውን ይበቃል። ለቀሚሱ ዘርፍ የተፈለገ እንደ ሆነ ሁሉም ይቀጣጠላል፤ 6 ሜትር ያህልም ይወጣል። የመቀጠያው ስፌት ግን ጥብጣቡን አግድም ሳይሆን በሰያፍ ያቋርጠው፤ አለዚያ እጥፉ በአንድ ቦታ ይወፍራል።

ጥብጣቡ በቀሚሱ ፊት ተሰፍቶ ወደ ውስጥ ይገለበጥ፤ ነጻው ጫፍ በካውያ ጥቂት ተለጥጦ ይታጠፍና በእጅ ይቀምቀም።

አንዳንድ ወይዛዝርት ጥብጣቡን ከተረፈ ሸማ ይቈርጡታል። እኛ አንወደውም፤ ሸማ ሽመናው ልል ስለ ሆነ በሰያፍ ሲቈረጥ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ በእጅም ላይ ይተረተራል። ቀጭን ፖፕሊን ይሻላል። የፋብሪካ ጨርቅ በሐበሻ ልብስ ላይ ነውር ነው ለሚሉንም፤ ከውስጥ ስለሚውል ከባለቤትዋና ከአጣቢዋ በቀር የሚያየው የለም።