የሥራ ላይ ተማሪው የትምህርት መስክ ምርጫ፡ ከዲግሪው ባሻገር

በባሕር ዳር ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራቸውን ሲያጠናቅቁ በቀጥታ ወደ ትምህርት ገበታ የሚያመሩ ሠራተኞች ቁጥር ቀላል አይደለም። መምህራን የክረምቱን ወራት፣ የቢሮ ሠራተኞች ምሽቱን፣ ከጣና ዙሪያ ወረዳዎች የሚመጡት ደግሞ የሳምንቱን መጨረሻ ለትምህርት ያውላሉ። በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 ሥራ ጀምረው ትምህርታቸውን በመጀመሪያ ዲግሪ ለማጠናቀቅ የሚሹ ጎልማሶች የክፍያና የጊዜ ችግር እንዳለባቸው ይታወቃል። ይሁንና ከሁለቱም በላይ የልፋታቸውን ውጤት የሚወስነው «በየትኛው የትምህርት መስክ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት ምላሽ ነው።

ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት የትምህርት መስክ ሲመርጥ የሚያስበው ስለ ወደፊቱ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ያለ ሰው ግን የተያዘ የሥራ መደብ፣ የዓመታት ልምድና የሚያስተዳድረው ቤተሰብ አለው። የመረጠው መስክ ይህን ሁሉ ወደ ፊት ሊያራምደው አሊያም ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። በመሆኑም የጎልማሳው ምርጫ መነሻ ሊሆን የሚገባው በእጁ ያለው ሥራ ነው።

በባሕር ዳር የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የትምህርት መስክና ሥራ ተራርቀው የተጀመሩ አልነበሩም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ መሣሪያዎችና የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂን በመሳሰሉ መስኮች ያሠለጥን ነበር። የከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የተተከለው በዚሁ ዘመን ነው። ከእርሱ በኋላ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚም የመምህራን ማሠልጠኛ አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችን፣ የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችንና የትምህርት ሬዲዮ ጽሑፍ አዘጋጆችን ለማፍራት የታለመ ነበር። ሁለቱ ተቋማት በደንብ ቁጥር 60/1991 ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሥርተዋል። የከተማዋ ነዋሪ ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ የሚጠራቸው ግቢዎች የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው።

ለዚህ ሌላው አብነት የመሬት አስተዳደር ትምህርት ነው። የአማራ ክልል ለአርሶ አደሮች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም ገደማ ነበር። መሬት የሚለካ፣ መዝገብ የሚያደራጅና የይዞታ ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ በየወረዳው አስፈላጊ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ መጨረሻ በመስኩ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት መስጠት ጀመረ። እዚህ ላይ ሥራው ቀድሞ ትምህርቱ መከተሉ ልብ ሊባል ይገባል።

ዛሬ በማታና በሳምንት መጨረሻ መርሃ ግብሮች በስፋት የሚታየው ግን ከዚህ ይለያል። በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት ለሠራተኛው በብዛት የሚቀርቡት የሂሳብ አያያዝ፣ የማኔጅመንት፣ የኢኮኖሚክስና መሰል ትምህርቶች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ መስኮች ቤተ ሙከራ፣ ወርክሾፕና የመስክ ሥራ እምብዛም ስለማይጠይቁ በጥቁር ሰሌዳና በአንድ መምህር ሊሰጡ ይችላሉ። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት የመደበኛ ተማሪዎችን ቅበላ 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የመደበበት ፖሊሲም የማታውን ክፍል ብዙም አልለወጠውም። ስለሆነም በርካታ ሠራተኞች የሚማሩት የመረጡትን ሳይሆን ከቀረበላቸው ውስጥ የተሻለ መስሎ የታያቸውን ነው።

የዚህ ውጤት በግልጽ የሚታየው ደግሞ ከምረቃ በኋላ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዱ የሥራ መደብ የሚጠይቀው የትምህርት ዝግጅትና አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ተግባራዊ ከሆነ ወዲህም ደረጃና ደመወዝ የሚወሰነው ለሥራ መደቡ እንጂ ሠራተኛው ለያዘው የምስክር ወረቀት አይደለም። ለአብነት በአንድ ወረዳ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ዓመታት ያገለገለ የዲፕሎማ ምሩቅ ማታ ማኔጅመንት ተምሮ ቢመረቅ አዲሱ ዲግሪ በያዘው መደብ ላይ እድገት ላያስገኝለት ይችላል። ወደ ማኔጅመንት መደብ ልወዳደር ቢልም የቀድሞ ልምዱ አግባብነት የለውም ተብሎ ከአዲስ ተመራቂ ወጣት ጋር እንደ ጀማሪ ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዲግሪው ሐሰት ባይሆንም የተከፈለበት ገንዘብና ጊዜ የታሰበለትን ፍሬ አላፈራም ማለት ነው።

የመምህራን ጉዳይ ከዚህ በመጠኑ ይለያል። በክረምት መርሃ ግብር ዲግሪያቸውን የሚያጠናቅቁ መምህራን መስካቸው በአብዛኛው ከሚያስተምሩት ትምህርት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የመምረጥ ነፃነታቸው ጠባብ ቢሆንም ልምዳቸው ግን አይባክንም። መስክ ለመቀየር የሚሹ ሰዎች ግን ደንቡን በሚገባ ማወቅ ይኖርባቸዋል። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው አሠራር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ከመያዝ በተጨማሪ ፒጂዲቲ በመባል የሚታወቀውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መማር አስፈልጎ ነበር። ይህን ሳያውቅ በባዮሎጂ ወይም በሂሳብ ለተመረቀ ሰው የመጨረሻ መስሎ የታየው ምዕራፍ ሌላ ዓመት ይጠይቀው ነበር።

የፖሊሲ ለውጥ የሥራ ላይ ተማሪውን ከመደበኛው ይበልጥ የሚነካው ትምህርቱ ረጅም ዓመታት ስለሚወስድ ነው። በ2002 ዓ.ም መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ሲያግድና የግል ተቋማት በሕግና በመምህርነት እንዳያሠለጥኑ ሲወስን በመካከል የነበሩ ተማሪዎች ለስጋት ተዳርገዋል። የርቀት ትምህርቱ ክልከላ ኋላ ላይ በቅድመ ሁኔታ ተነሥቷል። በ2012 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በመጀመሩ በርካታ የሦስት ዓመት ዲግሪዎች ወደ አራት ዓመት ከፍ ብለዋል።

ከሁሉም የጎላው ለውጥ የመውጫ ፈተና ነው። አስቀድሞ በሕግ ትምህርት ተጀምሮ የነበረው ይህ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ተሰጥቷል። ለማለፍ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ካለፉት ተፈታኞች ድርሻ አንጻር በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘገበው ውጤት 40.65 በመቶ ነበር። በመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ የሚሆኑት ሲያልፉ በግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ የሚቻል ቢሆንም ቁጥሩ የሚያስተላልፈው መልእክት ከባድ ነው። ቀድሞ «ቀላል ነው» ተብሎ የሚመረጥ መስክ ነበር። አሁን ግን ለቅለቱ ሲባል የተመረጠ መስክ በመጨረሻው ዓመት ሌሎች ተመራቂዎች ሁሉ በሚፈተኑበት ጥያቄ ይመዘናል። ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት ሙያ የሚማር ሰው ግን የንድፈ ሐሳቡን ግማሽ በሥራው ላይ ስለሚያገኘው የተሻለ ዕድል አለው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም አጋማሽ በኋላ የተፈጠረው የጸጥታ ችግርም በምርጫው ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በባሕር ዳርና በሌሎች የክልሉ ከተሞች ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሰዓት እላፊ ገደብ ተጥሎ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለው ሁኔታ የማታ ትምህርት ምን ያህል ከከተማዋ ሰላም ጋር የተቆራኘ እንደሆነ ያሳያል። ስለሆነም መርሃ ግብሩ ቢቋረጥ ትምህርቱ በምን መልክ እንደሚቀጥል መጠየቅ የመስክ ምርጫው አንድ አካል ሊሆን ይገባል።

በሌላ በኩል የጣና ዳርቻ ራሱ ባለሙያ እየጠየቀ ነው። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የታየው የእምቦጭ አረም በዓሣ ሀብቱ፣ በጀልባ ጉዞና በዳርቻው ግጦሽ ላይ ጉዳት አድርሷል። 7 ሺህ ሄክታር የማልማት አቅም ያለው የቆጋ መስኖ ፕሮጀክት የውሃ አጠቃቀም ባለሙያ ይፈልጋል። የዘጌ ገዳማትን የሚያስጎበኙ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያሰግሩና የሚነግዱ፣ በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ቁጥርም ብዙ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ፣ የረግረግ መሬትና የዱር እንስሳት አያያዝ፣ የቱሪዝምና የውሃ ምህንድስና ትምህርቶች ይገኛሉ። ክፍተቱ ያለው ትምህርቶቹ ባለመኖራቸው ሳይሆን በሥራ ላይ ያለው ሰው ሥራውን ሳይለቅ ሊማራቸው በሚችልበት ሰዓትና ስልት በበቂ ሁኔታ ባለመቅረባቸው ነው።

ከዚህ አኳያ መስክ ለመምረጥ የተነሣ ሠራተኛ ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ጉዳዮችን ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው የያዘው ወይም የሚመኘው የሥራ መደብ የትኞቹን የትምህርት ዝግጅቶች እንደሚቀበል ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ተቋሙ ዕውቅና ያገኘው በዚያው መስክ፣ በዚያው ግቢና በዚያው የማስተማሪያ ስልት መሆኑን ማጣራት ነው። በአንድ መስክ የተሰጠ ዕውቅና ለሌላው አያገለግልም። ሦስተኛው ቀደም ሲል የተማራቸው ትምህርቶች ምን ያህል እንደሚያዙለት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ማወቅ ነው።

ይህ ሲባል መስክ መቀየር ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ሙያው የሰለቸው ወይም ሥራው እየጠፋ ያለ ሰው አዲስ መስክ የመሞከር መብት አለው። ነገር ግን ያንን ውሳኔ እንደ ጀማሪ የመቆጠርን ዋጋ አውቆና ተዘጋጅቶ ሊወስን ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የተመረጠ መስክ ለዓመታት የሚዘልቅ ጸጸት ሊያስከትል ይችላል።

ኃላፊነቱ ግን በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ለየሥራ መደቡ የሚያስፈልገውን የትምህርት ዝግጅት ሠራተኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሊያሳውቁት ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎችም በመደበኛው መርሃ ግብር ያላቸውን ቤተ ሙከራና የመስክ ልምምድ በክረምትና በሳምንት መጨረሻ ለጎልማሳው ቢከፍቱ የዓሣ፣ የመስኖና የቱሪዝም ሥራ ላይ የተሰማራው ሰው ያለ ፍላጎቱ ሌላ መስክ ለመማር አይገደድም። የፖሊና የፔዳ መሥራቾች ያሠለጠኑት ሥራው የሚጠይቀውን ባለሙያ ነበር። ይህ አካሄድ በማታው ክፍልም ቢተገበር የሠራተኛው ልፋትና የሐይቁ ዳርቻ ፍላጎት ይገናኛሉ።