ሒሳብ በዘራችን የለም?



ባለፈው ቅዳሜ ልጄና ባለቤቷ ለቅሶ ስለሄዱ የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ዋለች። አሥረኛ ክፍል ናት። ቡና ልቆላ ስነሳ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አገኘኋት። ከደብተሩ ውስጥ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ብቅ ብሏል፤ ከ20 ያገኘችው 6 ነው። ለእናቷ አላሳየችም።

«እማማ፣ በቃ የሚመጣው ዓመት ሶሻል ነው የምገባው። ሒሳብ እንደሆነ በዘራችን የለም» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ይህን አባባል ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየሳቅሁ ስናገረው ትሰማ ነበር። ደግሞም ውሸት ነው። 33 ዓመት በነርስነት ስሠራ የሕፃናትን መድኃኒት በኪሎ አስልቼ ሰጥቻለሁ። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ እንደሚያስፈልግ በቃሌ አውቃለሁ። ሒሳብ ካልሆነ ይሄ ምንድን ነው?

ቡናውን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እስቲ እኔን አስተምሪኝ» አልኳት።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ዋይ = 2ኤክስ + 3 ለተባለው መስመር ፐርፔንዲኩላር የሆነና በ(4፣ 5) ነጥብ የሚያልፍ መስመር እኩልታ ፈልጉ። ፐርፔንዲኩላር ማለት በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ፣ በአማርኛው ቀጤ ነክ የሚባለው ነው። የሷ መልስ ዋይ = −2ኤክስ + 3 ነበር።

«2ቷ ምንድን ናት? 3ቷስ?» አልኳት።

«ስሎፕና ኢንተርሴፕት።» ትርጉሙን ስጠይቃት ግን ዝም አለች።

የሕፃናት ክብደት መከታተያ ካርድ ሣልኩላት። ሕፃኑ 3 ኪሎ ሆኖ ቢወለድ መስመሩ ከቋሚው መስመር ላይ ከ3 ይነሳል፤ ኢንተርሴፕት ማለት ይህ መነሻ ነው። በየወሩ የሚጨምረው ደግሞ ስሎፕ ነው። መስመሩ ሲጋደም ስሎፑ ዜሮ ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ እኛ ነርሶች «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ብለን እናቱን እንጠይቃለን።

«ለካ ስሎፕ ዳገቱ ነው!» አለች።

ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ባለካሬ ደብተር ላይ አሠመርን። 3 ላይ ተገናኝተው እንደ መቀስ ተቆላለፉ። የሌላ ደብተር ጥግ መገናኛቸው ላይ ብናስቀምጥ አልገጠመም። ስለዚህ 90 ዲግሪ አይደለም።

«አስተማሪው ገልብጡና ምልክቱን ቀይሩ ነው ያለን። እኔ ምልክቱን ብቻ ቀየርኩ። ግን ለምን ይገለበጣል?»

የመጀመሪያው መስመር አንድ ካሬ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ሁለት ካሬ ወደ ላይ ይወጣል። ደብተሩን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዞርኩት። ወደ ቀኝ የነበረው አንድ ካሬ ወደ ላይ ሆነ፤ ወደ ላይ የነበሩት ሁለቱ ወደ ግራ ዞሩ። መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ስታነበው ሁለት ካሬ ሄዶ አንድ ይወርዳል። 2 የነበረው ½ ሆነ፤ ዳገቱም ቁልቁለት ስለሆነ −½። ሁለቱን ስሎፖች አባዝታ −1 ስታገኝ ፊቷ በራ።

«3ቷስ እንዳለች ትቀመጣለች?» አልኳት።

አሰብ አደረገችና «አይ፣ እሷ የመጀመሪያው መስመር መነሻ ናት» አለች። በኤክስ ቦታ 4፣ በዋይ ቦታ 5 አስገባች። የ4 ግማሽ 2 ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ −2። 5 ለመድረስ መነሻው 7 መሆን አለበት። መልሱ ዋይ = −½ኤክስ + 7 ሆነ። አሠመረችው፤ የደብተሩ ጥግ ልክክ ብሎ ገጠመ።

ቀጥላ «አንዱ መስመር የተጋደመ፣ ሌላው የቆመ ቢሆንስ?» ስትለኝ አላውቅም አልኳት። መጽሐፏን ገልጣ ራሷ አገኘችው፦ የቆመ መስመር ስሎፕ ስለሌለው ማባዛቱ አይሠራም፤ ሁለቱ ግን ቀጤ ነክ ናቸው።

ማታ እናቷ ስትመጣ ወረቀቱን ራሷ አወጣች። ልጄ 6ቱን አይታ ልትቆጣ ስትል በዓይኔ ጠቀስኳት። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው የተሠራውን ስታይ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ እማማን ያስተማርኳት።»

ወላጆችና አያቶች፣ ልጅ የፈተና ወረቀት ሲደብቅ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ቁጥሩን ሳይሆን እኛን ነው። መልሱን ማወቅ አይጠበቅብንም። አጠገባቸው ተቀምጠን «እስቲ አሳየኝ»፣ «እስቲ አሳዪኝ» ማለት ግን አያቅተንም። የልጅ ልጄ ሶሻል ትግባ ናቹራል ገና አልወሰነችም፤ ምርጫው የሷ ነው። በኔ ቀልድ ምክንያት እንዳይሆን ግን ያንን አባባል ከቤታችን አስወጥቼዋለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።